ሁለተኛው ብሔራዊ ቡድን በሰው ሜዳ፦ የዋሊያዎቹ ሦስት የቻን ጉዞዎች ከራያ ቆላ ሲታዩ

መግቢያ

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በአገር ውስጥ ሊግ በሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ የተዋቀረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ እግር ኳስ ቡድን ሩዋንዳን ሁለት ጊዜ ገጠመ። ነሐሴ 20 ቀን በዳሬሰላም ያለ ግብ ተለያየ፤ ነሐሴ 28 ቀን ደግሞ በሩዋንዳዋ ሁዬ ከተማ ዳዋ ሆቴሳ ባስቆጠራት ግብ 1 ለ 0 አሸንፎ አልጄሪያ ለምታስተናግደው የአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና (ቻን) አለፈ። የዳሬሰላሙ ጨዋታ በውድድሩ ሕግ የኢትዮጵያ የሜዳዋ ጨዋታ ነበር። በዚያው ሰሞን፣ ነሐሴ 18 ቀን፣ በራያ ቆላ ጦርነቱ ዳግም አገረሸ፤ ነሐሴ 21 ቀን መንግሥት የመከላከያ ሠራዊት ከቆቦ ከተማ መውጣቱን አስታወቀ።

ሁለቱ ክስተቶች በምክንያትና በውጤት የተሳሰሩ አይደሉም። ቡድኑ ወደ ዳሬሰላም የሄደው በጦርነቱ ሰበብ ሳይሆን፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) በኢትዮጵያ የሚገኙ ስታዲየሞች መስፈርቱን አያሟሉም ብሎ በመወሰኑ ነው። ይሁን እንጂ ጎን ለጎን ሲታዩ አንድ ጥያቄ ያስነሣሉ፦ ከአገሩ ሊግ ብቻ የሚመለመል ቡድን፣ አገሩና ሊጉ ሲናወጡ ከምን ላይ ይቆማል?

ይህ ጽሑፍ ኢትዮጵያ በቻን የመጨረሻ ውድድር የተሳተፈችባቸውን ሦስት ጉዞዎች ይመረምራል። እነዚህም የደቡብ አፍሪካው (ጥር 2006)፣ የሩዋንዳው (ጥር 2008) እና የአልጄሪያው (ጥር 2015) ናቸው። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ የጉዞዎቹ ክብደት የተፈጠረው በተደረጉት ዘጠኝ ጨዋታዎች ውስጥ ብቻ ሳይሆን በጉዞዎቹ መካከል በነበሩት ዓመታት ነው የሚል ነው። አንዱ ጉዞ ያስተማረውን ለሚቀጥለው የሚያቆይ ሜዳም፣ ሊግም፣ አሰልጣኝም አልነበረም። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ እ.ኤ.አ. ከተባሉት በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

“ሁለተኛ ቡድን” ማለት ምን ማለት ነው?

በስፖርት አነጋገር ሁለተኛ ቡድን የሚባለው፣ ዋነኞቹ ተጫዋቾች በጉዳት፣ በዕረፍት ወይም በክለባቸው ግዴታ ምክንያት ሲቀሩ አገርን ወክሎ የሚሰለፍ ስብስብ ነው። በአፍሪካ እግር ኳስ ይህ አሠራር ራሱን የቻለ ውድድር ተበጅቶለታል። ቻን ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2009 በኮትዲቯር ሲሆን፣ በደንቡ መሠረት መሰለፍ የሚችለው በገዛ አገሩ ሊግ የተመዘገበ ተጫዋች ብቻ ነው። ዓላማውም በአውሮፓ ክለቦች ጥላ ሥር ለተሸፈኑት የአገር ቤት ተጫዋቾች መድረክ መስጠት ነው።

ደንቡ ለሁሉም አንድ ቢሆንም ውጤቱ ከአገር አገር ይለያያል። እንደ ጋናና ካሜሩን ያሉ አገሮች ዋና ቡድናቸውን በአብዛኛው የሚያዋቅሩት በውጭ አገር ከሚጫወቱት ነው፤ ስለዚህ በቻን የሚያሰልፉት ቡድን ከዋናው ጋር የሚጋራው ተጫዋች ጥቂት ነው። ኢትዮጵያ ግን በ2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ፣ የቡድኑ አብዛኞቹ አባላት በአገር ውስጥ ክለቦች የሚጫወቱ ነበሩ። በመሆኑም የኢትዮጵያ ሁለተኛ ቡድን በስም እንጂ በይዘት ከመጀመሪያው ብዙም አይርቅም። በዚህ የተነሣ የቻን ውጤት የሚመዝነው ተጠባባቂዎችን ሳይሆን የአገር ውስጡን እግር ኳስ በሙሉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር መታየት አለበት። ደንቡ ከኢትዮጵያ የሚቀንሰው የተጫዋች ቁጥር ጥቂት ቢሆንም፣ የሚቀነሱት በአብዛኛው ግብ የሚያስቆጥሩትና ለግብ የሚያመቻቹት ናቸው። በጥር 2006 ሳላዲን ሰዒድ በግብፅ፣ ጌታነህ ከበደ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ይጫወቱ ስለነበር ሁለቱም አጥቂዎች በቻን መሰለፍ አይችሉም ነበር። በጥር 2015ም በግብፅ ሊግ ይጫወት የነበረው ሽመልስ በቀለ በዚሁ ደንብ ከስብስቡ ውጭ ነበር። የውጭ ክለቦች ከኢትዮጵያ ተጫዋች ሲወስዱ ቀድመው የሚመለከቱት የፊት መስመሩን ነው፤ ስለዚህ የአገር ቤቱ ቡድን ተከላካዮቹንና አማካዮቹን እንደያዘ ይሄዳል፣ ጨራሾቹን ግን ትቶ ይሄዳል።

ዘጠኝ ጨዋታዎች፣ ሁለት ግቦች

የደቡብ አፍሪካው ጉዞ የተደረገው በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት ነበር። ይኸው አሰልጣኝ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በኅዳር 2006፣ ቡድኑን ከዓለም ዋንጫ አንድ እርምጃ ላይ አድርሶት በናይጄሪያ ተሸንፏል። በቻን ግን ቡድኑ በሊቢያ 2 ለ 0፣ በኮንጎ 1 ለ 0፣ በጋና 1 ለ 0 ተረትቶ አንድም ግብ ሳያስቆጥር ተመለሰ።

ወደ ሩዋንዳ ያቀናው ቡድን አሰልጣኝ ዮሐንስ ሳህሌ ነበሩ። በዴሞክራቲክ ኮንጎ 3 ለ 0 ተሸንፎ ጀመረ፤ ከካሜሩን ጋር ያለ ግብ ተለያየ፤ በመጨረሻም በአንጎላ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በአልጄሪያ ደግሞ በውበቱ አባተ አሰልጣኝነት ከሞዛምቢክ ጋር ያለ ግብ ተለያይቶ፣ በአስተናጋጇ አልጄሪያ 1 ለ 0፣ በሊቢያ 3 ለ 1 ተረታ። በዚህ ጉዞ የነበረው ዕድል ከሁለቱ የተሻለ ነበር። ከምድቡ ሁለተኛ ሆና ያለፈችው ሞዛምቢክ የሰበሰበችው 4 ነጥብ ነው፤ ኢትዮጵያም የመጨረሻውን ጨዋታ ብታሸንፍ 4 ነጥብ ይኖራት ነበር። ወደ ሩብ ፍጻሜ የሚወስደው በር እስከ መጨረሻው ዕለት አልተዘጋም ማለት ነው።

ሦስቱ ጉዞዎች ሲደመሩ ዘጠኝ ጨዋታ፣ ሰባት ሽንፈት፣ ሁለት አቻ፣ ምንም ድል ይሆናሉ። የገቡበት ግቦች 13፣ ያስቆጠራቸው 2 ናቸው። ይህ አኃዝ በአንድ ጊዜ ሲነበብ የሚያሳፍር ይመስላል፤ በዝርዝር ሲታይ ግን ሌላ ገጽታ አለው። ከሰባቱ ሽንፈቶች አራቱ በአንድ ግብ ልዩነት የመጡ ናቸው። ከዘጠኙ ተጋጣሚዎች አራቱ በየውድድራቸው ለፍጻሜ የደረሱ ነበሩ፦ በ2006 ሊቢያ ጋናን በመለያ ምት አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች፤ በ2008 ዴሞክራቲክ ኮንጎ ሻምፒዮን ሆነች፤ በ2015 አልጄሪያ በፍጻሜው በሴኔጋል በመለያ ምት ተሸነፈች።

ስለዚህ ችግሩ መፈራረስ አይደለም። ቡድኑ ከኃያላን ጋር ሲገጥም በአብዛኛው ተቀራርቦ ይጫወታል፤ የሚጎድለው ጨዋታውን የሚጨርስበት አቅም ነው። በዘጠኝ ጨዋታ ሁለት ግብ ማለት በአማካይ ለአራት ጨዋታ ተኩል አንድ ግብ ነው። የአጥቂዎቹ መቅረት የዚህን ከፊሉን ያስረዳል። ቀሪው ግን ከሜዳ ውጭ ይፈለጋል።

የራስ ሜዳ ዋጋ

የሜዳን ዋጋ ለመረዳት የ2008ቱን ማጣሪያ ከ2014ቱ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። በጥቅምት 2008 ኢትዮጵያ በቡሩንዲ 2 ለ 0 ተሸንፋ ከተመለሰች በኋላ፣ በአገሯ 3 ለ 0 አሸንፋ ወደ ሩዋንዳ አለፈች። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው የአዲስ አበባ አየር፣ በተመልካች ጩኸት ታጅቦ የሁለት ግብ ዕዳን መክፈል ተችሎ ነበር። በ2014 ግን እንዲህ ያለ መመለሻ አልነበረም፤ የሜዳ ጨዋታ የሚባለውም በሰው አገር፣ ተጋጣሚው ከሚጫወትበት ባልተለየ አየር ላይ የሚደረግ ሆነ።

ለውጡ የመጣው በ2014 መጀመሪያ ነው። የብሔራዊ ቡድኑ ማረፊያ የነበረው የባሕር ዳር ስታዲየም በመስከረም ወር የደቡብ አፍሪካን ቡድን ካስተናገደ በኋላ በካፍ ታገደ። በኅዳር 2014 ኢትዮጵያ ጋናን “በሜዳዋ” የገጠመችው ጆሃንስበርግ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ የሜዳ ጨዋታዎቹን በማላዊ፣ በታንዛኒያ፣ በሞሮኮና በሞዛምቢክ አደረገ። የካፍ መስፈርት የሚጠይቀው የተመልካች ብዛትን ብቻ አይደለም፤ የሣሩን ጥራት፣ የመልበሻ ክፍሎችን፣ የሌሊት መብራትን፣ የጋዜጠኞችን ስፍራና የሕክምና አገልግሎትን ሁሉ ይመለከታል። አንድ ስታዲየም ሰፊ መሆኑ ብቁ ነው ማለት አይደለም።

በዚህ ላይ የሚቀርብ ተቃውሞ አለ። በሰኔ 2014 ዋናው ቡድን በሊሎንግዌ ግብፅን 2 ለ 0 አሸንፏልና ሜዳ ማጣት ሰበብ ሊሆን አይችልም ሊባል ይችላል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው፤ ስደተኛ ቡድን አንድ ቀን ታላቅ ጨዋታ ሊጫወት ይችላል። ነገር ግን ያው ቡድን የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያውን በ4 ነጥብ፣ ከምድቡ መጨረሻ ሆኖ ጨረሰ። የሜዳ እጦት ጉዳቱ በአንድ ጨዋታ ሳይሆን በድግግሞሽ የሚታይ ነው፤ የጉዞው ወጪ፣ የዝግጅቱ መቆራረጥና የተመልካቹ መራቅ ቀስ በቀስ ይጠራቀማሉ።

ወልድያና ቆቦ፦ የምንጩ ሁኔታ

የቻን ቡድን ምንጩ የአገር ውስጥ ሊግ ነው፤ የሊጉም ምንጭ ከተሞችና ወረዳዎች ናቸው። ቆቦ አዲስ አበባን ከመቀሌ በሚያገናኘው ዋና መንገድ ላይ፣ ከወልድያ በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በማሽላ አምራችነቱ በሚታወቀው የራያ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከዚህ ለሚነሣ ታዳጊ ተጫዋች በቅርብ የሚገኘው ትልቅ መድረክ ወልድያ ነው። በወልድያ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘውና በሼክ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የተሰየመው ስታዲየም በጥር 2009 ተመርቋል። በዚያው የውድድር ዘመን የወልድያ ቡድን በፕሪሚየር ሊጉ ይሳተፍ ነበር። ለሰሜን ወሎ ይህ ማለት የአገሪቱ ምርጥ ክለቦች በየተራ ወደ ደጃፍ የሚመጡበት ዘመን ተከፈተ ማለት ነበር።

ዘመኑ ግን አጭር ሆነ። በኅዳር 2010 ከመቀሌ ቡድን ጋር ሊደረግ የነበረው ጨዋታ በከተማዋ በተነሣ ግጭት ሳይካሄድ ቀረ፤ በውድድር ዘመኑ መጨረሻም ወልድያ ከሊጉ ወረደ። የ2012 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰረዘ። ከ2013 ጀምሮ የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ መካሄድ ጀመሩ፤ ይህ አሠራር ለቴሌቪዥን ሥርጭትና ለጸጥታ ቢያመችም፣ አብዛኞቹን ክለቦች ከደጋፊያቸው ለይቷል። በጦርነቱ ሳቢያ ሦስቱ የትግራይ ክለቦች፣ ማለትም የ2011 ሻምፒዮኑ መቀሌ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ ከሊጉ ወጡ፤ የተመለሱትም በ2017 የውድድር ዘመን ነው። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወደ ራያ ቆቦና ወደ ወልድያ ተዛመተ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014ም አካባቢው በጦርነቱ ውስጥ ቆየ። በነሐሴ 2014 ደግሞ ዳግም ተመለሰ።

የዚህ ተከታታይ መቋረጥ ጉዳት በአንድ ተጫዋች ዕድሜ ሲሰላ ይበልጥ ይገባል። በ2009 የወልድያ ስታዲየም ሲመረቅ የ13 ዓመት ልጅ የነበረ የቆቦ ታዳጊ፣ በጥር 2015 ቡድኑ አልጄሪያ ሲገባ 19 ዓመት ይሆነዋል። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ውስጥ በአካባቢው ከፍተኛውን ሊግ ማየት የቻለው ከሁለት የውድድር ዘመን አይበልጥም። ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የወረርሽኝ፣ የጦርነትና የመፈናቀል ነበሩ። እግር ኳስ በዚህ ዕድሜ የሚቀረጽ ሙያ ስለሆነ ያለፈው ጊዜ ተመልሶ አይገኝም። በራያ ድንበር በሁለቱም ወገን፣ በቆቦም ሆነ በአላማጣ፣ ሒሳቡ ተመሳሳይ ነው። ብሔራዊ ቡድኑ የሚመርጥበት ቋት የጠበበው በእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ነው።

ከጉዞ መልስ፦ ሦስት አሰልጣኞችና አንድ ንጽጽር

ሦስቱን ጉዞዎች የሚያመሳስል ሌላ ነገር አለ። ሰውነት ቢሻው ከደቡብ አፍሪካ መልስ በየካቲት 2006 ተሰናበቱ። ዮሐንስ ሳህሌም ከሩዋንዳ ጉዞ ወራት በኋላ፣ በመጋቢት 2008 በአልጄሪያ 7 ለ 1 የተሸነፉበትን ጨዋታ ተከትሎ ኃላፊነታቸውን አጡ። ውበቱ አባተም ከአልጄሪያው ቻን መልስ፣ በጊኒ ሁለት ጊዜ መሸነፍን ተከትሎ በ2015 ከቡድኑ ተለያዩ። እያንዳንዱ ስንብት ለየብቻው ሲታይ የራሱ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንድ ላይ ሲታዩ ግን ከእያንዳንዱ ጉዞ የተገኘው ልምድ ከአሰልጣኙ ጋር አብሮ ወጥቷል፤ ቀጣዩም ከባዶ ጀምሯል።

የተለየ መንገድ መኖሩን የሚያሳይ ምሳሌ ከሌላ ስፖርት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1998 የእንግሊዝ የራግቢ ብሔራዊ ቡድን በርካታ ዋነኛ ተጫዋቾቹን ሳይዝ ወደ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ተጓዘ። ከሰባቱ ጨዋታዎች አንዱንም አላሸነፈም። በብሪዝበን በአውስትራሊያ 76 ለ 0 ተረታ፤ በአራቱ ይፋዊ የአገር ለአገር ግጥሚያዎች በድምሩ 198 ነጥብ ተቆጥሮበት 32 ብቻ አስቆጠረ። ጉዞው በራግቢ ታሪክ “የሲኦል ጉዞ” ተብሎ ይጠራል። ከዋሊያዎቹ ሽንፈቶች ጋር ሲነጻጸር እጅግ የከፋ ነው። አሰልጣኙ ክላይቭ ውድዋርድ ግን በቦታቸው ቆዩ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ እንግሊዝ በሲድኒ አውስትራሊያን 20 ለ 17 አሸንፋ የዓለም ዋንጫን ስትወስድ፣ በብሪዝበን የ19 ዓመት ወጣት የነበረው ጆኒ ዊልኪንሰንና የዚያ ጉዞ አምበል የነበረው ማት ዳውሰን በሜዳ ላይ ነበሩ።

እንግሊዝ ሀብታም አገር ናት፤ ንጽጽሩ ለኢትዮጵያ አይሠራም የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ጎረቤት ሱዳን ነው። በሱዳን ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ በተቀሰቀሰው ጦርነት የአገሪቱ ሊግ ተቋረጠ፤ ብሔራዊ ቡድኑም እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ የሜዳ ጨዋታዎቹን በሰው አገር ማድረግ ግድ ሆነበት። ነገር ግን ሁለቱ ታላላቅ ክለቦች፣ አል ሂላልና አል መሪኽ፣ እንዳሉ ወደ ሞሪታኒያ ሊግ ተዛውረው መጫወት ቀጠሉ። ጋናዊው አሰልጣኝ ክዌሲ አፒያም ከ2016 መጀመሪያ አንሥቶ በቦታቸው ቆዩ። ይህ ቡድን በቻን ማጣሪያ ኢትዮጵያን ጥሎ አለፈ፤ በነሐሴ 2017 ኬንያ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ በጋራ ባስተናገዱት ውድድርም ናይጄሪያን 4 ለ 0 አሸንፎ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ።

የሱዳን ተሞክሮ የጽሑፉን መከራከሪያ ያጠራዋል። ሜዳ ማጣትም ሆነ ጦርነት ብቻቸውን ዕጣ ፈንታን አይወስኑም። የሚወስነው፣ ተጫዋቾቹ በችግሩ ውስጥ አንድ ላይ የሚቆዩበትና በየሳምንቱ የሚጫወቱበት ዝግጅት መኖሩ፣ የሚመራቸውም ሰው ትናንት የሆነውን የሚያስታውስ መሆኑ ነው።

ማጠቃለያ

የኢትዮጵያ የቻን ቡድን ሁለተኛ ተብሎ ቢጠራም የአገሪቱን እግር ኳስ እውነተኛ መልክ የሚያሳይ ነው። ዘጠኙ ጨዋታዎች የሚያስረዱት ቡድኑ ከኃያላን ጋር የመቀራረብ አቅም እንዳለው፣ ነገር ግን ግብ የሚያገባለትና የተማረውን የሚያቆይለት እንደሌለ ነው። ከዚህ የሚከተሉ ሦስት ተግባራዊ ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ የአጥቂ እጥረቱ በደንቡ ምክንያት ተደጋግሞ የሚመጣ ስለሆነ፣ በአገር ውስጥ ሊግ ላሉ ወጣት አጥቂዎች የመሰለፊያ ጊዜ አስቀድሞ መታሰብ ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ በክልል ከተሞች የተሠሩ ስታዲየሞች የካፍን መስፈርት እንዲያሟሉ ማድረግ ከአዲስ ግንባታ በፊት የሚታይ አማራጭ ነው፤ የወልድያው ለዚህ አንድ እጩ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ የአሰልጣኝ ለውጥ ቢያስፈልግ እንኳ የጉዞው የተጻፈ ግምገማና የቴክኒክ ክፍሉ ባለሙያዎች ከአሰልጣኙ ጋር አብረው መሄድ የለባቸውም።

ለቀጣይ ጥናት ክፍት የሆነው ጥያቄ የወረዳዎቹ ነው። እንደ ራያ ቆቦ ባሉ በጦርነት በተጎዱ ወረዳዎች የታዳጊዎች ውድድር በየትኞቹ ዓመታት እንደተቋረጠና መቼ እንደተመለሰ በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው ቢሰነድ፣ የብሔራዊ ቡድኑ ቋት የት ላይ እንደነጠፈ በትክክል ማየት ይቻላል። የሚቀጥለው ጉዞ ውጤት የሚወሰነው ቡድኑ በሚያርፍበት ከተማ ሳይሆን፣ እነዚያ ሜዳዎች በየሳምንቱ ኳስ የሚንከባለልባቸው በመሆን አለመሆናቸው ነው።